አራተኛው ማንኪያ፦ የአንዲት የፊገር ሠዓሊ ሥራ ግምገማ

«የቆዳው ቀለም ምንድን ነው?» አለችኝ ሠዓሊዋ በመጀመሪያው መልእክቷ። ሳላስብ «ጠይም» ልላት ነበር፤ በእንግሊዝኛ ልጽፈው ስል ቃሉ ጠፋኝ። ብራውን እንዳልላት ከወንበር እስከ ጫማ ቀለም ሁሉም ነገር ብራውን ነው። ጠይም ግን ብራውን አይደለም። ቀይ ዳማም አይደለም። በእኛ ቤት ደግሞ አንድ ሰው ጠይም ነው ወይስ ቀይ ዳማ የሚለው ጥያቄ ዘመድ ሊያኳርፍ ይችላል። አኳረፈም፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ምን እንደማወራ ልንገራችሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ቀን ኮምፒዩተር እጠግናለሁ፣ ማታ ማታ ባለ 1/6 ፊገር እሰበስባለሁ። 1/6 ማለት የሰው ቁመት ለስድስት ሲካፈል ማለት ነው፤ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ እጅ እግሩ የሚታጠፍ፣ ከእውነተኛ ጨርቅ የተሰፋ ልብስ የሚለብስ ምስል ይወጣዋል። ሀስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ጂ.አይ. ጆ የተባለውን ወታደር በዚሁ መጠን ሲያወጣ «አክሽን ፊገር» የሚል ስም የሰጠው፣ አሻንጉሊት ከተባለ ወንድ ልጅ አይገዛውም ብሎ ፈርቶ ነው። አክስቴ ግን በስም የምትታለል ሴት አይደለችም። «አንተ ትልቅ ሰው፣ ለአሻንጉሊት ነው ይህን ሁሉ ዶላር የምትከፍለው?» ብላኛለች።

ያሠራሁት የእናቴን አባት ነው። አባባ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ወታደር ነበሩ፤ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ከደረሰው፣ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ከተዋጋው። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ሦስት ሻለቃ በየተራ ዘምቷል፤ ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል፣ የተማረከ ግን አንድም የለም። ይህችን የመጨረሻዋን አባባ ሳይጠየቁም ይናገሯት ነበር። ቃኘው የራስ መኰንን የፈረስ ስም መሆኑንም እንደዚያው።

የቃኘው ልብስና ትጥቅ የአሜሪካ ስለነበረ ለሰብሳቢ ሥራው በግማሽ ያለቀ ነው። የኮሪያ ዘመን ዩኒፎርም፣ የብረት ቆብ፣ ኤም 1 ጋራንድ ጠመንጃ፣ ቀይ ክብ ላይ ጥቁር የአሸዋ ሰዓት ያለበት የክፍለ ጦሩ ምልክት፣ ሁሉም በ1/6 ተሠርቶ ይሸጣል። የማይሸጠው ፊት ነው። ገበያ ላይ የማገኘው ጥቁር ጭንቅላት በአብዛኛው የአንድ ተዋናይ ወይም የአንድ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች መልክ ነው። የሐበሻ አፍንጫና ግንባር ያለው ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈልጌ ተስፋ ቆረጥኩና ማሠራት ብቻ ቀረኝ።

ከአባባ የወጣትነት ዘመን ያለን ፎቶ አንድ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙ የማይበልጥ፣ ጀርባው ላይ በቀጭን ብዕር «ለማስታወሻ» የተጻፈበት። ለብዙ ዓመት ኪስ ውስጥ ስለኖረ መሐሉ ታጥፏል፤ የእጥፋቱ መስመር ግንባራቸውን አቋርጦ ያልፋል። ይህችን መስመር ያዙልኝ። ለጎናቸው ፎቶ ስላልነበረን የአጎቴን ጎን አንሥተን ላክን፤ አፍንጫው የአባባ ነው ተብሎ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመሰገን የኖረ ሰው ስለሆነ ደስ ብሎት ነው ለካሜራው የዞረው። ጭንቅላቱን ያዘዝኩት ቀራጭ በኮምፒዩተር ቀረጸው፣ በሬዚን ፕሪንተር አወጣው (ሬዚን በብርሃን የሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ ነው)፣ ላከልኝ። ግራጫ ሬዚን፣ ቁመቱ 3.8 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ከቢራ ቆርኪ እምብዛም አይበልጥም። ቅርጹ ጥሩ ነበር። ግን ግራጫ ፊት የማንም ፊት ነው፤ እናቴ አይታው «ማነው?» ብላለች።

ስለ ቀለሙ ሥራ ከመናገሬ በፊት ስለ መጀመሪያው ሰው አንድ ነገር። አሁን ከምገመግማት ሠዓሊ በፊት ለሌላ ሰው ልኬ ነበር፤ ዘጠና ዶላር፣ ሦስት ሳምንት፣ ፈጣን ሰው። ቡናማ ቀለም ከአንድ ጠርሙስ ቀባ፣ ጉንጩን ለማብራት ነጭ ጨመረበት፣ ለጥላው ጥቁር ጨመረበት፣ ጨረሰ። ነጮችን ሲቀባ ያየሁት ሥራው የሚያምር ነበር፤ የእኛን ሲቀባ ግን ያ የሚያምረው እጅ የት እንደገባ አላውቅም። ነጭ የገባበት ጠይም ቆዳ ምን እንደሚመስል በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ አመድ። ቫዝሊን ያልነካው የተማሪ ጉልበት አስቡ። ያንን ጉልበት የብረት ቆብ አድርጉበት። ቀለሙን በአሴቶን ላስለቅቀው ስል አሴቶን ሬዚኑንም እንደሚበላው ቀራጩ በጊዜ ነገረኝና ተውኩት፤ ፋይሉ ስለነበረ በሠላሳ ዶላር ሌላ ጭንቅላት አወጣልኝ።

ወደ ሠዓሊዋ ልምጣ። ኦሃዮ ነው የምትኖረው። ስሟን አላወጣም፤ ያጎደለችውንም ስለምናገር። ዋጋዋ ለአንድ ጭንቅላት 220 ዶላር ነው፣ ግማሹ በቅድሚያ። ወረፋ አላት።

ጭንቅላቱ እንደደረሳት ሦስት ነገር ጠየቀችኝ። የቆዳውን ቀለም ነግሬያችኋለሁ። ሁለተኛው፣ ፊገሩ የሚቆምበት መደርደሪያ ላይ ያለው አምፖል ምን ዓይነት ነው የሚል ነበር። ሦስተኛው ነው እጄን አፌ ላይ ያስጫነኝ። የፎቶውን ግንባር አጉልታ ቀይ ቀስት አደረገችበትና እንዲህ ጻፈች፦ «ይህ መስመር ሰውየው ላይ ነው ወይስ ወረቀቱ ላይ?»

ለካ ቀራጩ የፎቶውን እጥፋት ጠባሳ መስሎት በቀጭኑ ቀርጾታል። እኔ ሁለት ጭንቅላት በእጄ ይዤ፣ አገላብጬ፣ ከእናቴ ጋር በቪዲዮ አይተን፣ ማናችንም አላየነውም። የመጀመሪያው ሠዓሊ ጭራሽ በቀጭን ብሩሽ አጉልቶት ነበር፤ እኛ ጥላ መስሎን አለፍነው። አባባ ግንባራቸው ላይ ጠባሳ አልነበራቸውም። ሴትዮዋ በስቱኮ ዓይነት ነገር ሞላችው፣ በብርጭቆ ወረቀት ውኃ እየነከረች አሸችው፣ ፎቶ ላከችልኝ። አላስከፈለችኝም። እውነቱን ለመናገር ገንዘቡን ያን ዕለት ነው ከልቤ የለቀቅኩት።

አሁን ጠቡ። የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «አባባ መልካቸው ምን ነበር?» ብዬ ጻፍኩ፤ የአምስት ደቂቃ ጉዳይ መስሎኝ። አክስቴ፦ «አባባ እኮ ቀይ ነበሩ፤ ያጠቆራቸው የኮሪያ ብርድ ነው።» አጎቴ ከዳላስ፦ «የምን ቀይ! ቀይ ዳማ ነበሩ።» እናቴ በድምፅ መልእክት፦ «ጠይም ናቸው። ምን ያከራክራል፣ እኔን አታዩም?» ከዚያ አክስቴ «አንቺ እኮ በእናታችን ወጥተሽ ነው» አለችና ግሩፑ ሁለት ቀን ዝም አለ። ሰው ሞቶ እንኳ ያን ያህል ዝም ብሎ አያውቅም።

ሠዓሊዋ ስትሰማ ሳቀች፤ መፍትሔም አመጣች። በቆዳ ቀለም ከእሳቸው ጋር ይመሳሰላል የምትሉት ሰው ካለ የክንዱን የውስጥ ጎን ከነጭ ወረቀት አጠገብ አድርጋችሁ፣ በቀን ብርሃን፣ መስኮት ዳር፣ ያለ ፍላሽ አንሡልኝ አለች። ወረቀቱ ነጭ መሆኑ ስለሚታወቅ ስልኩ ቀለሙን ምን ያህል እንዳዛባው ከወረቀቱ ይነበባል። እናቴ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሳሎን መስኮት ዳር ተነሣች። ቴሌግራም ፎቶ ስለሚጨምቅ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንድትልክ ለማስተማር ብቻ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። አጎቴም ሳይጠየቅ የእሱን ክንድ ላከ።

ከሳምንት በኋላ ሦስት የፕላስቲክ ማንኪያ መጣ፤ በፎቶ ማለቴ ነው። ቀለም ቀቢዎች የተቆለመመውን የማንኪያ ጀርባ እንደ ጉንጭ አድርገው መሞከሪያ ያደርጉታል፤ ርካሽ ነው፣ ብርሃኑንም እንደ ፊት ይይዛል። ሦስቱም ላይ የተለያየ ጠይም ተቀብቷል፤ አንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ፣ አንድ ጊዜ ጥላ ውስጥ ተነሥተዋል። ግሩፑ ተነቃቃ። አክስቴ «አንደኛው!» አለች፤ በጣም ቀዩን። አጎቴ ሁለተኛውን። እናቴ ማንኪያዎቹን አንድ ቀን ሙሉ አየቻቸውና «ከሁለተኛው ጠቆር፣ ከሦስተኛው ቀላ ያለ ማንኪያ የላትም?» አለች። ልጠይቃት አፈርኩ፤ ግን ጠየቅኩ። በማግስቱ አራተኛ ማንኪያ መጣ። አክስቴ አይታ ዝም አለች። አክስቴ ዝም ካለች ተስማምታለች ማለት ነው።

አራተኛው ማንኪያ ውስጥ ስንት ቀለም እንዳለ ጠይቄ የነገረችኝን ልጻፈው፤ ከፋብሪካ ቀለምና ከዘጠና ዶላሩ ሥራ የሚለየው እዚህ ላይ ስለሆነ። ሬዚኑ መጀመሪያ በዕቃ ሳሙና ይታጠባል፤ ቅባት ካለበት ቀለም ይላጣል። ከዚያ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ የሚቀባው የሥር ቅብ። ከፕራይመሩ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ቀለም እናንተ የምትገምቱት አይደለም፤ ዝናብ የመታው ቀይ አፈር ዓይነት ደፈን ያለ ቀይ ነው። ቡናማው ገና ወደፊት ነው የሚመጣው። ደም ከቆዳ በታች ነው ያለው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ደሙን ነው የምቀባው አለችኝ። በዓይን ጎድጓዳ፣ በአገጭ ሥርና ከጆሮ ጀርባ ጥቁር ሳይሆን ወይን ጠጅ ትነፋበታለች፤ በኤርብረሽ፣ ቀለም በአየር በሚነፋው ትንሽ መርጫ፣ አየሩን ዝቅ አድርጋ፣ ከቅርብ። ግንባሩ፣ የአፍንጫው አጥንትና ጉንጩ ላይ ደግሞ ቢጫና ብርቱካን። ቡናማው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በላይ ነው፤ እሱም ለሁለተኛ ጊዜ እንደተቀዳ ሻይ ቀጥኖ፣ የታችኛው እያሳለፈ፣ አንዱ እስኪደርቅ እየተጠበቀ ስድስት ሰባት ጊዜ። በመጨረሻ በብሩሽ ጫፍ ዓይን የማይለያቸው ነጠብጣቦች፤ የሰው ቆዳ አንድ ወጥ ስላልሆነ። «ነጭ ቀለም ፊቱ ላይ የት ነክቷል?» አልኳት። «ዓይኑ ውስጥ ብቻ» አለች። ያንን አመድ ጉልበት አስታውሼ ዘጠና ዶላሬን ረገምኩ።

ፀጉሩም ያስደንቃል። አጭር የወታደር ቁርጥ ነው። ብዙ ሠዓሊ ጥቁር ቀብቶ ግንባር ላይ በመስመር ይቆርጠዋል፤ የዋናተኛ ቆብ ያደረገ ይመስላል። እሷ ጥቁሩን በቡናማ አለዝባ ጠርዙን በኤርብረሽ እያሳሳች ወደ ቆዳው አስገብታዋለች፣ ጆሮ ግንዱ አካባቢ ቆዳው ከሥር ይታያል። ከንፈሩ ላይ የላይኛው ከታችኛው ጠቆር ይላል። እኔ በሕይወቴ የራሴን ከንፈር በመስታወት እንደዚያ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ሄጄ አየሁ። እውነቷን ነው።

ዓይኑ ላይ ግን መጀመሪያ ሳተች። ባለ ቀለሙ የዓይን ክብ በዚህ መጠን ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ መሐሉ ያለው ጥቁር ነጥብ፣ ብሌኑ፣ ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች። እንዲያጸድቅ ለደንበኛው በሚላከው ፎቶ ላይ ብሌኑ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ የብርሃን ነጥቡ አለ፣ በዓይኑ የውስጥ ጥግ ያለችው ቀይ ሥጋ ሳትቀር አለች። ነጩ ግን ነጭ ነበር፤ ወረቀት የመሰለ ነጭ። ጠይም ፊት ላይ ሲሆን ደግሞ ዓይን ይበሳል። ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። አክስቴ ወዲያው፦ «ውይ! ምን አስደነገጠው?»

ነገርኳት። ሠዓሊዋ አልተከራከረችም። በውኃ የቀጠነ ቢጫና ትንሽ ቀይ ደርባበት፣ የላይኛው ቆብ ሥር ቀጭን ጥላ ጣለችበት፣ በሁለተኛው ቀን ላከችው። ለውጡን በቁጥር ልናገር ብል አንድ ፀጉር አይሞላም። አክስቴ ደወለች፣ ጻፈች ሳይሆን ደወለች፦ «አሁን ተረጋግተዋል።» ከ«አስደነገጠው» ወደ «ተረጋግተዋል»። ግምገማ ላይ አምስት ኮከብ ይሰጣል ይባላል፤ እኔ ከዚህ ሌላ ኮከብ የለኝም።

እዚህ ድረስ ማመስገን ነው። አሁን ቅሬታዬን ስሙ።

አሥር ሳምንት ብላ አሥራ ሰባት ሳምንት ፈጀች። ከዚያ ውስጥ አምስቱ ሳምንት ድምፅዋ ጠፋ። መልእክት እልካለሁ፣ አይታዋለች፣ መልስ የለም። ግማሽ ክፍያ እጇ ላይ ነው፣ የአባባ ጭንቅላት እጇ ላይ ነው፤ እናቴ በየእሑዱ «መጡ?» ትለኛለች። በስድስተኛው ሳምንት የላከችልኝ ፎቶ ላይ ፊቱ በነጭ ጉም ተሸፍኗል። ማት ቫርኒሽ፣ ቀለሙን ለመጠበቅ መጨረሻ ላይ የሚረጨው የማያብለጨልጭ ቅብ፣ በእርጥብ አየር ከተረጨ እንደዚያ ያደርጋል፣ እርጥበት ይዞ ይደርቃል፤ ዝናባማ ቀን ላይ ረጭታው ተበላሽቶባት፣ አፍራ፣ ዝም ብላ እንደገና ስትቀባ ነው የቆየችው። ስሕተቱን አልፈርድባትም፣ የሚያጋጥም ነገር ነው። ግን ጉሙን በመጀመሪያው ሳምንት ብታሳየኝ ኖሮ ምንም አልልም ነበር። ዝምታው ነው የበላኝ። በነገራችን ላይ በሁለተኛው ቅብ ያለ ማንኪያ፣ ከማስታወሻዋ ብቻ ተነሥታ ያንኑ ቀለም አገኘችው። ይህ የማንም ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ አስተሻሸጉ ነው። ጭንቅላቱን በዚያ በሚፈነዳው የአረፋ ፕላስቲክ ጠቅልላ፣ አረፋውን ወደ ውስጥ አድርጋ ላከችው። ቫርኒሹ ጨርሶ ሳይጠነክር ስለተጠቀለለ ከግራ ጆሮው ጀርባ ሁለት ክብ ምልክት ታትሟል። በመብራት ካልፈለጋችሁት አይታይም፤ እኔ ግን የት እንዳለ አውቃለሁ። መልሰህ ላክልኝ ላስተካክለው ብላኛለች። ሌላ አሥራ ሰባት ሳምንት መስሎ ታየኝና ተውኩት። የምታሠሩ ከሆነ መጀመሪያ በለስላሳ ወረቀት እንዲጠቀለል፣ ፕላስቲኩ ከዚያ በላይ እንዲሆን አስቀድማችሁ ንገሩ።

ሦስተኛው የእሷ ጥፋት አይደለም፣ የእኔ ነው። አምፖሉን ስትጠይቀኝ ቀና ብዬ አይቼ «ነጭ» ብያት ነበር። አምፖሌ ሰማያዊ የሚመታ ርካሽ ኤል.ኢ.ዲ. ኖሯል። ጭንቅላቱ ሲደርስ መደርደሪያው ላይ አቆምኩትና አባባ ወባ የያዛቸው መሰሉ። ደንግጬ ልጽፍላት ስል መስኮት ዳር ወሰድኩት፤ አራተኛው ማንኪያ ሆነው ቁጭ አሉ። ሞቅ ያለ ብርሃን ያለው አምፖል ገዛሁ፣ ስምንት ዶላር። ወባው ለቀቀ።

አንገቱ ላይ ለመግጠም ደግሞ አንድ ምሽት ወስዶብኛል። ለስላሳ የፋብሪካ ጭንቅላት ከሆነ በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ መግፋት ይበቃል። ሬዚን እንደዚያ አይለጠጥም፣ ይሰነጠቃል። እኔም በልምድ የፀጉር ማድረቂያውን አንሥቼ ልገፋ ስል ቀጭን የ«ቅጭ» ድምፅ ሰማሁ፤ ልቤ ቀጥ አለ። የተሰነጠቀ ነገር አልነበረም፣ የአንገቱ ኳስ ነው የተንሸራተተው። ከዚያ በኋላ ቀዳዳውን በትንሽ ሞረድ፣ ማስክ አድርጌ፣ በውኃ እያራስኩ ቀስ ብዬ አሰፋሁት። የሬዚን ብናኝ ሳንባ ውስጥ እንዲገባ አይፈለግም።

አጎቴ ቁመቱን በስልክ ሲያይ «በጣም ረጅም አደረግሃቸው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አባባ አንድ ሜትር ከሰባ ነበሩ፣ በ1/6 ሲሆን 28 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፤ የገዛሁት ገላ 30 ነው። «ደረጃ ተሰጥቷቸው ነው» አልኩት።

ቀራጩ፣ ሁለቱ ጭንቅላት፣ ሁለቱ ሠዓሊዎች፣ ገላውና ልብሱ ተደምረው ስንት እንደሆነ አክስቴ ይህን ስለምታነብ አልጽፍም። የሠዓሊዋ 220 ዶላር ግን ከሁሉም የማልቆጭበት ነው። ባንድ ሳምንት መደርደሪያ መሙላት የምትፈልጉ፣ ወይም የሚሸጥ የፋብሪካ ፊት የሚበቃችሁ ከሆነ ወደ እሷ አትሂዱ፤ ወረፋውን ብቻ ታረዝሙብናላችሁ። የራሳችሁን ሰው ፊት የምታሠሩ ከሆነ፣ በተለይ ቀለሙን በአንድ ቃል ብቻ የምታውቁት ከሆነ፣ ነጭ ወረቀት፣ የዘመድ ክንድና ትዕግሥት ይዛችሁ ሂዱ።

የቀረው እጁ ነው። ሁሉም ሰው ስለ ጭንቅላት ያስባል፣ እኔም እንደዚያው፤ ከገላው ጋር የመጡት እጆች የፋብሪካ ቡናማ መሆናቸውን ያስተዋልኩት ጭንቅላቱ ከተገጠመ በኋላ ነው። ፊቱ አራተኛው ማንኪያ፣ እጁ የጠረጴዛ እግር። ጽፌላት ለሁለት እጅ ስድሳ ዶላር አለችኝ፣ ወረፋው ደግሞ ያው ነው። እስከዚያው የኮሪያ ክረምት ጓንት የታጠለቀበት እጅ ገዝቼ አደረግኩለት፤ ጠመንጃውንም ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ፎቶውን ግሩፑ ላይ ስለጥፍ እናቴ ከሁሉም ቀድማ መለሰች፦ «አባባ እኮ ጓንት አያደርጉም ነበር።»